የዋሸው ጥሩንባ

ባለፈው እሑድ የእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ነበር። አጀንዳው ሦስት ቢሆንም ሁለቱ የድንኳን ሸራና የወንበር ጉዳይ ስለነበሩ ማንም ልብ አላላቸውም። ሰውን ሁሉ ያንጫጫው ሦስተኛው ነው። ወጣቱ ሊቀ መንበራችን ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየንና ከእንግዲህ ሞት በስልክ መልእክት እንደሚነገር አስታወቀ። “አንዴ ብቻ ነው የምጽፈው፤ በደቂቃ ውስጥ ለሁላችሁም ይደርሳል። ዝናብ አያግደው፣ ንፋስ አይወስደው” አለ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። አንዲት እናት “የኔን ስልክ ልጄ ይዞት ነው የሚወጣ፤ ለቅሶ የምደርስ እኔ ነኝ እሱ?” ብለው ጠየቁ። የሆነ ሆኖ እጅ ወጣና ጸደቀ። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤውን በገዛ እጄ ጻፍኩት።

ቀጥሎ ጥሩንባው ምን ይሁን የሚል ጥያቄ ተነሣ። አንዱ ለሙዚየም ይሰጥ አለ፤ ሌላው ሙዚየሙ የት ነው ብሎ አሳቀን። በመጨረሻ “የአያ ካሴ አማች እያለ ምን ያከራክራል?” ተባለና ወደ እኔ መጣ። ረጅም የቆርቆሮ ጥሩንባ ነው፤ አፉ ሰፊ፣ ከከንፈሩ ዝቅ ብሎ አውራ ጣት የሚያስገባ የተሰረጎደ ጉድጓድ ያለው። በፌስታል ጠቀለልኩት፤ ፌስታሉ ግን ግማሹን እንኳ አልሸፈነውም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር እስከ ቤቴ ድረስ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ቆም እያለ “ደግሞ ማን ሞተ?” ሲለኝ፣ “ማንም፣ ማንም” እያልኩ ሄድኩ።

ባለቤቴ የሺ በር ላይ ተቀበለችኝ። አያ ካሴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባቷ ናቸው። ጥሩንባውን ከእጄ ወስዳ በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችው። አውራ ጣቷን ጉድጓዱ ውስጥ አስገባች።

“ይቺን ያጎደጎድካት አንተ ነህ” አለችኝ።

“ነኝ።”

“በዚያ በጉሙ ቀን።”

“አዎ” አልኳትና ሁለታችንም ዝም አልን። ዝም ያልነው ስለ መላኩ ነው። እኔና የሺ እንዲህ በአንድ ላይ ዝም ስንል ብዙውን ጊዜ ስለ እሱ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ደብረ ታቦር ላይ ሽቅብ ቁልቁል ከማለት በቀር ሥራ አልነበረኝም። አንድ ጊታር ግን ነበረኝ። ሆቴል ቤት ይጫወት የነበረ ሰው ሲለቅ የተወልኝ ሲሆን ከስድስቱ ክሮች አራቱ ብቻ ቀርተውታል። መላኩ ጓደኛዬ ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ እናቱ እትዬ ውዴ ጠላ እየጠመቁ ነው ያሳደጉት፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። እስከ አሥራ አምስት ዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲማር ቆይቶ ነው ወደኛ ትምህርት ቤት የመጣው። የድምፁን ነገር እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ደጅ ቆሞ ቢጣራ ጓዳ ያለው ሰው ከኋላው የተጣሩ ይመስለው ነበር። የሺ ደግሞ የሰፈራችን የእድር ጥሩንባ ነፊ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ክንደ ብርቱ፣ ለቡሄ ጅራፍ ሲጮህ ወንዶቹን ሁሉ የምታስንቅ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሣጥን ካሴት ነው። እኛ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሣጥኑን ለመላኩ ሰጠው። ከመካከላቸው በአንዱ ሽፋን ላይ ፊታቸውን የራስ ቅል አስመስለው የተቀቡ ሰዎች ነበሩ። ካሴቱን ቴፕ ውስጥ ከተትነው። የሰማነው ነገር ዘፈን ይሁን ጠብ መጀመሪያ አልገባንም ነበር። ይጮኻሉ፣ ይሮጣሉ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያበቃል። ከቃሉ አንዱም አልገባንም፤ ሰው ለማስፈራራት እንደሚዘፍኑና ይህን ሲያደርጉ ግን በጣም ደስ እንዳላቸው ገባን። ልጄ አሁን በቅርቡ የእኛን ካሴት ሰምታ “አባዬ፣ ይሄ እኮ ሆረር ፓንክ ነው!” ብላ ስትስቅብኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስንጫወተው የኖርነው ነገር ስም እንዳለው ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅሁ።

እኛ ግን የራስ ቅል የተቀቡትን ሰዎች አልገለበጥንም። መላኩ “የፈረንጅ ጭራቅ ማንን ያስፈራል? እኛ የራሳችን አለን” አለ። ስማችንንም የጭራቅ ማኅበር አልነው። በየወሩ ጻድቃንን የሚዘክሩ ማኅበርተኞች በሞሉበት ከተማ ይህን ስም ማውጣት ምን ያህል ድፍረት እንደነበር አሁን ሳስበው ያልበኛል። ፊታችንን አመድና ከሰል እንቀባለን። ከፊታችን የበሬ ራስ ቅል በእንጨት ላይ እንተክላለን። የሺ አንድ አሮጌ ከበሮና አንድ የዘይት በርሜል ትመታለች፤ ዘፈኑ ሲግል ደግሞ ጅራፏን አንሥታ አንዴ ታጮኸዋለች። ያን ጊዜ ከፊት ረድፍ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አንገቱን ይቀብራል። እኔ በሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያገናኘሁትን አራት ክር ጊታሬን እገርፋለሁ። መላኩ ይጮኻል። ሲጮህ እንኳ ግን የተማረው ዜማ አይለቀውም ነበር፤ በአራራይ ነው የሚጮኸው። እንዲህ የሚል ግጥም ነበረው፦

ከጉና ላይ ወርዶ ጭራቅ መጣ ቤቴ፣
ራቱ እኔ ነኝ መሰል፣ በር ክፈቺ እናቴ።

መጀመሪያ የተጫወትነው በትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ነው። በሁለተኛው ዘፈን ላይ ርእሰ መምህሩ መብራት አጠፉብን፤ ያለ መብራት ጨረስነው። ከዚያ በኋላ በደብረ ታቦር አዳራሽ የሚሰጠን ጠፋ። የካሴት ቤቶቹም “ይሄን ሰምቶ ገበያ ቢሸሸኝስ?” እያሉ መለሱን። እኛም የራሳችንን መንገድ ያዝን። ሬዲዮ የሚጠግን አንድ ወዳጃችን ቤት ገብተን ስድስት ዘፈን ቀዳን። ካሴቱን አንድ በአንድ እያባዛን፣ የሺ በየሽፋኑ ላይ በእጇ ጭራቅ እየሣለች፣ መናኸሪያ ቆመን ለተሳፋሪ አደልን፣ ሸጥን፣ አንዳንዴም ለመንን። የሺ አንዱን ጭራቅ ከሌላው አታመሳስለውም ነበር፤ አንዳንዱ ርእሰ መምህሩን ይመስላል።

አንበሳሜ በገበያ ቀን ጋሪ ላይ ቆመን ስንጫወት የሁለት ነጋዴ ፍየሎች ገመድ በጥሰው ሄዱና ሰዉ ድንች ወረወረብን። የወረወሩትን ድንች ለቅመን፣ ማታ በአንዲት ደግ ሴት ምድጃ ቀቅለን በሚጥሚጣ በላነው። እንደዚያ የጣፈጠኝ ድንች እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ይፋግ በአንድ ቪዲዮ ቤት ከፊልሙ በፊት አስገቡን፤ ተመልካቹ “ፊልሙን! ፊልሙን!” እያለ ያፏጭ ነበር። መላኩ ያንን ፉጨት ወደ ዘፈኑ አስገባው፤ ሲያልቅ ራሳቸው ያፏጩት ሰዎች ድገሙ አሉን። በጭነት መኪና ላይ ሆነን ስንመለስ ሽምብራ እሸት እየበላን፣ አመዱ ከፊታችን በላብ እየወረደ፣ ለሦስታችንም የሚበቃን ዓለም ያ ይመስለኝ ነበር። በእውነት እላችኋለሁ፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የሺ ይህን ስታነብ ታኮርፍ ይሆናል፤ እሷም ግን እንዲሁ ናት።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ መልእክት መጣልን። ባህር ዳር የሙዚቃ ቤትና አዳራሽ ያለው አንድ ሰው ካሴታችንን አውቶቡስ ውስጥ ሰምቶታል። ለእንቁጣጣሽ አዳራሹን ሊሰጠን ፈቃደኛ ነው፤ ግን አዲስ ዘፈን ይፈልጋል፣ ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሳ መግቢያ ያለው። ቀድተን እስከ ነሐሴ መጨረሻ እንድንልክለት ነገረን። ሦስታችንም እንቅልፍ አጣን። ያ አዳራሽ ከአመድና ከድንች ወደ ሌላ ኑሮ የሚያወጣን በር ነበር፤ ቢያንስ እኛ እንደዚያ አመንን።

“እዚህ አገር ከአያ ካሴ ጥሩንባ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ታውቃላችሁ?” አለ መላኩ አንድ ቀን።

አናውቅም ነበር። አያ ካሴ በማለዳ ሲነፉት ሰው ከነእንጀራው ጉርሻ ይቆማል። ነፍተው ዝም ይላሉ፤ በዚያች ዝምታ ውስጥ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ የራሱን ዘመዶች በልቡ ይቆጥራል። ከዚያ ስሙን ይጠራሉ።

“አባየ ቢሰማ ቆዳዬን ይገፈኛል” አለች የሺ። “እሱ እኮ ጥሩንባውን ልጆች እንኳ እንዲነኩት አይፈቅድ። ሰው ካልሞተ ከግድግዳው አይወርድም።”

“አንድ ቀን ብቻ” አልኳት። ያግባባኋት እኔ ነኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። አባቷ ገጠር ጤፍ ለማሳረም በወረዱበት ቀን በከበሮው ጨርቅ ሸፍና አመጣችው።

የፍልሰታ ጾም ተፈቶ ሳምንት ሳይሞላ ነበር። ጎረቤት ስለሚቆጣን የምንለማመደው ከከተማው ወጣ ብሎ ባህር ዛፍ መካከል ባለ የፈረሰ የድንጋይ በረት ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ጉሙ ከጉና ወርዶ መሬት ላይ ተኝቷል። አጠገቤ የሚሄደው መላኩ ድምፁ ይሰማኛል እንጂ እግሩ አይታየኝም። ጭቃ ጫማችንን እየጎተተ ብዙ ሄድን፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ታጠፍን። በመጨረሻ የድንጋይ ካብ አገኘንና ዕቃችንን አወረድን።

“ይሄ ካብ የኛ አይመስለኝም” አለች የሺ።

“ድንጋይ ሁሉ አንድ ነው” አልኳት።

ቴፑን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጥን። መላኩ ጥሩንባውን መንፋት ሞክሮ አቃተው፤ የሺ አልነካም አለች፤ እኔ ስሞክር ወጣልኝ። እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም። ደረቴ ውስጥ የነበረው አየር ሁሉ ሄዶ ጉሙ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። ከዚያ መላኩ እንደ ለፋፊ ተጣራ፦ “የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እገሌ አርፏልና ለቅሶ ድረሱ!” እኔ ሳቄ አመለጠኝ።

“እገሌ ቢሞት ማን ይደነግጣል?” አልኩት። “የሚታወቅ ስም ጥራ።”

“የማንን?”

“የራስህን።”

“ተዉ፣ ሟርት ነው!” አለች የሺ። ከበሮዋን ትታ ተነሥታ ነበር።

መላኩ ጥቂት አሰበና ፈገግ አለ። ያ ፈገግታው አሁንም ይታየኛል፤ የፊት ጥርሱ ትንሽ የተሸረፈች ነበረች። “ይሁና! እስቲ ለኔ ማን እንደሚያለቅስልኝ እንይ” አለ። ነፋሁ። እሱም ዜማ የተማረበትን ድምፅ ሁሉ አውጥቶ ተጣራ፦ “የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የእትዬ ውዴ ልጅ መላኩ አርፏልና ለቅሶ ድረሱ!” ጅራፉ ጮኸ፣ ከበሮው ተመታ፣ ዘፈኑ ጀመረ። ከዚያ በላይ የሚያምር ነገር ሠርተን አናውቅም ነበር።

ችግሩ ፍጹም እንዲሆን መፈለጋችን ነው። በመጀመሪያው ቅጂ የሺ ዘገየች፤ በሁለተኛው የጊታሬ ክር ወለቀ፤ በሦስተኛው ቴፑ ዝም ብሎ ቆመ። አራት ጊዜ ነፋሁ። አራት ጊዜ መላኩ አረፈ።

አራተኛውን ስንጨርስ ፀሐይ ወጣችና ጉሙ ከታች ወደ ላይ ይገፈፍ ጀመር። መጀመሪያ የቆርቆሮ ጣሪያ አየሁ። ቀጥሎ አጥር፣ የባህር ዛፍ ክምር፣ የማውቀው ግቢ። እኛ ሩቅ የሄድን መስሎን ኮረብታውን ዞረን ከመላኩ ቤት በላይ፣ ከሰፈራችን ራስ ላይ ነበር የቆምነው። ታች ሰው እንደ ጉንዳን ይተራመሳል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይሮጣሉ። ወንዶች የድንኳን እንጨት ተሸክመዋል። ከእትዬ ውዴ ግቢ የሚወጣውን ጩኸት ያን ጊዜ ሰማነው። ጥሩንባው ከእጄ ወድቆ ድንጋይ ላይ አረፈ፤ ጉድጓዷ የዚያን ጊዜ ናት።

ቁልቁል ሮጥን። ወሬው እኛን ቀድሞ በስሎ አልቆ ነበር። በእኩለ ቀን የተነፋ ጥሩንባ የድንገተኛ ሞት ነው ብለው፣ በመንገዱ በኩል ስለተሰማ ደግሞ የጭነት መኪና ገጭቶት ነው ብለዋል። አስከሬኑ ገና በመንገድ ላይ ነው። አንድ ሰው መኪናውን በዓይኑ እንዳየ ይምላል። ድንኳኑ ግማሹ ቆሟል፣ ጎረቤቶች ንፍሮ ጥደዋል፣ ባለ ውቃቢ የምንላት አልቃሽ ሳትቀር መጥታ ስለ መላኩ ድምፅ ሙሾ ታወርዳለች። ሙሾዋ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ከኛ ግጥም ይበልጥ ነበር።

መላኩ ለልምምዱ የተቀባው አመድ ፊቱ ላይ እንዳለ ግቢው ውስጥ ገባ። ያስበው ሰው ያስበው፤ ሞተ የተባለ ሰው፣ ግንባሩ ነጭ፣ ዓይኑ በከሰል የተከበበ። ሙሾው ተቋረጠ። ግማሹ ሰው አጥር ዘሎ ወጣ፤ የቀረው ባለበት ተንበረከከ። እትዬ ውዴ ግን አልሸሹም። ጉንጫቸውን ነጭተውት ደም እየወረደ ነበር። መጥተው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ አመዱን በመዳፋቸው ጠረጉት፤ ከሥሩ የልጃቸው ፊት ሲወጣ ጊዜ ያለ ድምፅ መሬት ላይ ተቀመጡ።

“እማዬ፣ ጨዋታ ነው” አለ መላኩ። “ዘፈን ነው፣ እማዬ።”

ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ቆሞ ሳለ አንዲት ጎረቤት ከድንጋጤዋ ብዛት ንፍሮ በጣባ ሰጠችው። ጠዋት ቁርስ አልበላንም፤ አንድ እፍኝ አንሥቶ ወደ አፉ ሲወስድ እናቱ እጁን መቱት። “የራስህን ንፍሮ!” አሉ። ይህን ለሰው ስነግር ሁሉም ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም።

አያ ካሴ ከጤፍ ማሳው እየሮጡ ደረሱ። የራሳቸውን ጥሩንባ ያለ ራሳቸው ሲነፋ ሰምተው እግራቸው እንደመራቸው ነው የመጡት። ማንንም አልተቆጡም፤ የሺንም አልነኳትም። በነጋታው እድሩ ሲሰበሰብ ጥሩንባውን መሐል አምጥተው መሬት ላይ አስቀመጡት።

“ይህ ጥሩንባ ከአባቴ ነው የተቀበልኩት” አሉ። “ዋሽቶ አያውቅም ነበር። አሁን ዋሸ። ከእንግዲህ እገሌ ሞተ ብል ማን ያምነኛል? አልነፋም።”

“ኧረ አያ ካሴ፣ የልጆች ጥፋት ነው፤ እርስዎ ምን ያድርጉ?” ብለው ለመኗቸው። እኔም እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አንሥተው ሳሙኝና “የነፋኸውስ ጥሩ አድርገህ ነው” ብለው ሄዱ። ጥሩንባው እድሩ ዕቃ ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ ሞት ሲኖር ሰው በየቤቱ እየዞረ ያንኳኳ ነበር።

እኛን ያፈረሰን ግን የእድሩ ቁጣ አይደለም። እትዬ ውዴ ከጩኸታቸው መካከል ተስለው ኖሯል። “አምላከ ጣራ ገዳም፣ ልጄን መልስልኝ፤ ከመለስክልኝ የኔ ሳይሆን ያንተ ይሁን” ማለታቸውን ድንኳኑ ውስጥ የነበሩ ሴቶች ሁሉ ሰምተዋል። ልጃቸውም ተመልሷል። የንስሐ አባታቸው ስለቱ በሐሰት ወሬ የተደረገ ስለሆነ በጧፍና በጥላ ሊለወጥ እንደሚችል ነገሯቸው። እትዬ ውዴም “ልጄ እንዳለ ይሁን” አሉ። ስለዚህ ነገሩ በመላኩ እጅ ነበር። ለእንቁጣጣሽ አሥር ቀን ቀርቶን ነበር። የባህር ዳሩ ሰው የላክንለትን ካሴት ሰምቶ ኑ ብሎናል።

በአራተኛው ቀን ከቤታቸው ጀርባ አገኘሁት።

“ጥላ ይግዙና ይብቃ” አልኩት። “አባ ራሳቸው ፈቅደዋል’ኮ። አንድ ጊዜ ባህር ዳር እንሂድ፣ ከዚያ የፈለግከውን አድርግ።”

“ጌታቸው፣ ሰው ሳስፈራ ደስ ይለኝ ነበር” አለኝ። “ፍርሃት ምን እንደሚመስል ስለማላውቅ ነው። የእናቴን ፊት አየሁት። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልጩህ?”

“እኔ ነኝ የራስህን ስም ጥራ ያልኩህ።”

“የጠራሁት ግን እኔ ነኝ” አለና የተሸረፈች ጥርሱን አሳየኝ። “አንድ ዓመት ብቻ ነው። ስለቱን ላድርስና እመጣለሁ። ጊታርህን ክር ግዛለት።”

ከአዲስ ዘመን በላይ ያለውን የጣራ ገዳም ዳገት እኔና የሺ አብረነው ወጣን። ጫካው ከዝናቡ የተነሣ ይንጠባጠባል፤ አደይ አበባ ገና መፈንዳቷ ነበር። የያዘው አንድ ጋቢና አንድ አኩፋዳ ነው። ሴት ከማይገባበት ደጅ ስንደርስ የሺ ጅራፏን ልትሰጠው ፈለገች፤ “እዚህ ማንን ላስደነግጥበት?” ብሎ መለሰላት። ዞር ብሎ አላየንም። እንቁጣጣሽ ዕለት ባህር ዳር ያለው አዳራሽ ሌላ ዘፋኝ ገባበት፤ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጊታሩን ግን ክር ገዛሁለት።

አንዱ ዓመት ሁለት ሆነ፣ ሁለቱም ሦስት። እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ጨረስኩ፤ የሺን አገባሁ። በአራተኛው ዓመት መላኩ ሊመነኩስ ነው ተባለና ሄድን፤ እትዬ ውዴ፣ እኔ፣ አያ ካሴም “እኔም አለሁበት” ብለው ተከተሉን። ሰው ሲመነኩስ ለዓለም ሞተ ስለሚባል የሙታን ጸሎት ይነበብለታል። መላኩ መሬት ላይ እንደ አስከሬን ተጋደመ፣ ተሸፈነ፤ ግንዘቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነበበለት። ሴት ከማይገባበት ደጅ ቆመው የጠበቁት እትዬ ውዴ አላለቀሱም፤ “እኔ አስቀድሜ አልቅሻለሁ” አሉ። ሲነሣ ስሙ ሌላ ነበር። ያን ስም እዚህ አልጽፈውም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ አያ ካሴ ከአንድ ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው ብዙ ቆዩ። ደክሟቸው መስሎኝ ነበር።

“ጌታቸው” አሉኝ፣ “አልዋሸም ነበር’ኮ።”

“ምኑ አያ ካሴ?”

“ጥሩንባው። ቀደም አለ እንጂ አልዋሸም።”

በነጋታው ከእድሩ ዕቃ ቤት ሄደው አወጡት። እስከ ዕለተ ሞታቸው ነፉት። የሞቱ ጊዜ የሚነፋ ሲጠፋ እኔ ነፋሁላቸው፤ የሺ ከጎኔ ቆማ ስማቸውን ጠራች። ኋላ እድሩ ሌላ ነፊ አገኘ፤ እኔ በሕይወቴ የነፋሁት በእነዚያ ሁለት ቀናት ብቻ ነው፤ አንዱ ለቀልድ፣ አንዱ ለአማቴ።

ጥቅምት ላይ ገዳሙ ሄጄ ነበር። በየዓመቱ እሄዳለሁ። የጥንቱ መላኩ ጺማቸው ነጥቷል፤ ለዜማ ተማሪዎቹ ሲያሰሙ ድምፃቸው ጫካውን ይሞላዋል። ያን ሁሉ ጊዜ አንተ ስለው የኖርኩትን ልጅ እርስዎ ማለት ለምዶብኛል ብል ውሸት ነው። እሳቸው አንተ ይሉኛል፣ እኔ እጃቸውን እሳለማለሁ፣ ስለ ልጆቼና ስለ ዝናቡ እንጫወታለን። ዘንድሮ ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ልሰናበት ተነሥቼ ሳለ ከአፌ ወጣ።

“አባቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ… መላኩ ብዬ ልጥራዎት?”

ሳቁ፤ የተሸረፈችው ጥርስ አሁንም አለች።

“ያ ልጅ እኮ ሞቷል፣ ጌታቸው። ጥሩንባውን የነፋኸው አንተ አይደለህ?”

ሳቄን ሳቅሁ፤ ዳገቱን ግን ወደ ኋላ እየዞርኩ እያየሁ ወረድኩ። እሳቸው በጎ ናቸው፤ ሰላማቸውን ፊታቸው ላይ አይቻለሁ፣ አልቆጭላቸውም። የምናፍቀው ሌላ ሰው ነው፤ በጭነት መኪና ላይ ሽምብራ እሸት እየፈለፈለ በአራራይ የሚጮኸው፣ ፊቱ አመድ የሆነው ልጅ። የዚያን ቀን እሱ በሕይወት ተገኘ ብለን ድንኳኑን አፈረስን፣ ንፍሮውን ደፋን፣ ሰዉን ወደየቤቱ ሸኘን። ኋላ በእውነት ሲሄድ ግን የተነገረውም፣ ለቅሶ የደረሰውም የለም።

የሺ ጥሩንባውን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ ጉድጓዷ ወደ ሰው እንድትታይ አድርጋ። ትናንት የእድሩ የመጀመሪያ መልእክት ስልኬ ላይ ገባ፤ የታች ሰፈር አንድ አዛውንት አርፈዋል ይላል። ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ፣ ንፍሮ ተሰጠኝ፣ አንድ እፍኝ ያዝኩ። አጠገቤ ያሉት ለአዛውንቱ የማለቅስ መስሏቸው “አይዞህ፣ ዕድሜ ጠግበው ነው’ኮ” አሉኝ። እኔ የተቀመጥኩት ግን ለመላኩ ነበር።